ነጭ የደም ሴሎቻችን ስለ ቫይረስ ምን ይነግሩናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ጎንደር ላይ ጉንፋኑና ትኩሳቱ አብሮ ይገባል። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎችም ይህንኑ ይመስላሉ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፣ ጥያቄያቸው ግን ተቀራራቢ ነው፦ ደም ሰጠሁ፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ ወረቀቱ ምን ማለት ነው? እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ወረቀቱን ከሚጽፉት ወገን ነኝ። ሰው ያንን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ ምኑም ሳይገባው፣ ፈርቶ ሲወጣ ማየት ያመኛል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለቫይረስ ተብሎ ከሚታዘዘው የደም ምርመራ ብዙው ቫይረሱን ራሱን አያየውም። የሚያየው ሰውነታችሁ ለቫይረሱ የሰጠውን መልስ ነው። መልስ ደግሞ ይዘገያል። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። አንዳንዱ መልስ ጠላቱ ከሄደ በኋላ ለዓመታት ይቆያል፣ አንዳንዱ ከደም ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ አተኮሰው፣ ሳልም ነበረው። ጤና ጣቢያ ወስጄው ደም ሰጠ። ወረቀቱ ላይ ሊምፎሳይት 58 በመቶ ይላል፣ አጠገቡ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ሐኪሙ «ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፣ ፈሳሽ ስጪው» ብሎ ሸኘኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ነጭ ደም ከጨመረ የደም ካንሰር ነው» አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ልስጠው? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ቀስቱን እናንሳው። ማሽኑ ቀስት የሚያደርገው ቁጥሩን ከተሞላለት መለኪያ ጋር አስተያይቶ ነው፣ ያ መለኪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአዋቂ ሰው ነው። አዋቂ ላይ ሊምፎሳይት ከነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይሆናል። የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ግን ከግማሽ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። አራት አምስት ዓመት አካባቢ ሲደርስ ሚዛኑ ይገለበጥና እንደ አዋቂ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው ነጭ ሴል መብዛት ይጀምራል። ማሽኑ ልጅሽ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ካልተነገረው አያውቅም። 58 ለልጅሽ ዕድሜ ባይታመምም ኖሮ የሚገኝ ቁጥር ነው።

ታዲያ ሐኪሙ በምን አወቀ? በወረቀቱ ብቻ አይደለም። ደረቱን አዳምጧል፣ ጆሮና ጉሮሮውን አይቷል፣ ትንፋሹን ቆጥሯል። ሲቢሲ የምንለው ምርመራ አምስት ዓይነት ነጭ የደም ሴሎችን ለይቶ ይቆጥራል። ባክቴሪያ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርሰው ኒውትሮፊል ነው፣ ቫይረስ ሲሆን ደግሞ ሊምፎሳይቱ ይነሳል። ግን ይህ ሕግ አይደለም። ኩፍኝ ቫይረስ ሆኖ ሳለ ሊምፎሳይትን ያወርዳል። ትክትክ ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ ሊምፎሳይትን እጅግ ይጨምራል። ታይፎይድም ባክቴሪያ ነው፣ ግን ነጭ ሴሎችን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ መሄድ የማያዋጣው።

ስለ ካንሰሩ፣ እኛ ስንጠራጠር ምን እንደምናደርግ ልንገርሽ። ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ ቀለም እናስነካውና ማይክሮስኮፕ ሥር እናየዋለን። ሥራ የሌለው ሊምፎሳይት ትንሽ ነው፤ ከቀይ የደም ሴል ብዙ አይበልጥም፣ ወይን ጠጅ የሆነው አስኳሉ ሞልቶት ዳር ዳሩን ስስ ሰማያዊ ክር ብቻ ይታያል። ቫይረስ የቀሰቀሰው ሊምፎሳይት ግን ይሰፋል። ሰማያዊው አካሉ ይበዛል፣ ጠርዙም አጠገቡ ያሉትን ቀይ ሴሎች እየታከከ ይፈስሳል፣ ልክ ምጣድ ላይ የፈሰሰ የእንጀራ ሊጥ ያገኘውን ዞሮ እንደሚሄደው። አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ጠማማ። ይህ የተዘበራረቀ መልክ ነው የሚያጽናናን፣ ምክንያቱም የደም ካንሰር ላይ ሴሎቹ ባብዛኛው አንድ ዓይነት፣ ጥሬ መልክ ይይዛሉ፣ ብዙ ጊዜም ሄሞግሎቢኑና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት አብረው ይወርዳሉ። የልጅሽ ወረቀት ላይ ሁለቱ ደህና ከሆኑ ልብሽን አሳርፊ።

አሞክሳሲሊኑን ተይው። ቫይረስ አይገድልም። ጉሮሮንና የአንገት ዕጢን ከሚያሳብጡት ቫይረሶች በአንዱ፣ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ለተያዘ ሰው ከተሰጠ ደግሞ መላ ሰውነቱን ሽፍታ ሊያወጣበት ይችላል። ግን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ በዚያው ሰዓት መልሰሽ ውሰጂው። ደንቢያ ወይም መተማ ዘመድ ጥየቃ ወስደሽው ከነበረም ለሐኪሙ ንገሪ። ያኔ ጥያቄው ይቀየራል። ወባ መታየት አለበት፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ይታሰባል። ካላዛር ነጩንም ቀዩንም ሴል፣ ፕሌትሌቱንም አንድ ላይ ያወርዳል። ለሱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው።

ጥያቄ፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሲዲ ፎሬ 86 ነበር፣ ተሸክመው ነው ሆስፒታል ያስገቡኝ። በየስድስት ወሩ ይቆጠርልኝ ነበር፣ 640 ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ዕልል አለ። አሁን ግን ቁጥሩን ማንም አይነግረኝም። በዓመት አንዴ ቫይራል ሎድ ብቻ ይሠራልኛል። አምና ታምሜ ሲቆጠርልኝ ደግሞ 510 አሉኝ። ወርዷል ማለት ነው። እኛን የድሮዎቹን ረሱን እንዴ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ከ86 ተነስተው ዛሬ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። አልረሷችሁም። ግን ቅሬታዎ ይገባኛል። ዓመታት ሙሉ ያ ቁጥር የሕይወት መለኪያችሁ ነበር፣ ከዚያ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳችሁ ቀረ። ይህ የኛ የባለሙያዎች ጉድለት ነው።

ሲዲ ፎር የመከላከያ ሠራዊቱ አዛዦች የሆኑት የቲ ሴሎች (ከሊምፎሳይት ወገን ናቸው) ምልክት ነው። ኤች አይ ቪ በፈረንጆች 1983 ታወቀ፣ በዓመቱ በ1984 ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት በር ይኸው ሲዲ ፎር መሆኑ ተገለጠ። ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃው ራሱን የሚያጠቃውን ሠራዊት አዛዥ ነው። ስለዚህ አዛዦቹን መቁጠር ጉዳቱን መቁጠር ነበር።

አቆጣጠሩን ልንገርዎት። ደምዎ ቲዩቡ ውስጥ ሲገባ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ እንጨምርበታለን። አንቲቦዲው ሲዲ ፎር ያለበትን ሴል ብቻ ፈልጎ ይለጠፍበታል። ከዚያ ማሽኑ ሴሎቹን በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ አሰልፎ በሌዘር ብርሃን ፊት ያሳልፋቸዋል። ቀለም ያለበት ሲያልፍ ያበራል፣ ማሽኑም ይቆጥረዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሴል ያልፋል። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ሴል ነጥብ ሆኖ ይወድቃል፣ ነጥቦቹም ተሰብስበው ደመና ይሠራሉ። ሲዲ ፎሩ ያለቀ ሰው ላይ የዚያ ደመና ቦታ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ነጥቦች ብቻ። ያንን ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው መድኃኒቱን ጀምሮ በዓመቱ ሲመለስ ቦታው በነጥብ ሲሞላ ያየሁበትን ቀንም አልረሳም።

ጤናማ አዋቂ ላይ ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 እስከ 1,500 ገደማ ነው። አገራችን መድኃኒቱን በነፃ መስጠት የጀመረችው በፈረንጆች 2005 ሲሆን ያኔ መድኃኒት ለማግኘት ባብዛኛው ከ200 በታች መውረድ ወይም በጠና መታመም ይጠበቅ ነበር። እርስዎ በዚያ ጊዜ ነው የገቡት። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2015 ደግሞ መስመሩ ጭራሽ ተነሳ፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሲዲ ፎሩ ምንም ይሁን ምን መድኃኒት ይጀምር ተባለ። ይህን ካስወሰኑት ጥናቶች አንዱ ስታርት የሚባለው ነው፣ በ35 አገሮች ከ4,600 በላይ ሰዎችን የያዘ። ሲዲ ፎራቸው ገና ከ500 በላይ እያለ የጀመሩት፣ እስኪወርድ ከጠበቁት ይልቅ በጣም ደህና ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ሲዲ ፎር «መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ያ ጥያቄ ቀረ። አሁን ያለው ጥያቄ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ?» የሚለው ነው፣ እሱን የሚመልሰው ቫይራል ሎድ ነው። ቫይራል ሎድ ከላይ ካልኩት ይለያል፣ ቫይረሱን ራሱን ይቆጥራል። መድኃኒቱ ቢላመድ ወይም ቢዘለል መጀመሪያ የሚነሳው ቫይረሱ ነው። ሲዲ ፎሩ የሚወርደው ከወራት በኋላ ነው። ሲዲ ፎርን ብቻ መጠበቅ ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ደመና ማየት ነው።

ስለ 510 አይጨነቁ። ያኔ ታመው ነበር ብለዋል። ጉንፋንም ወባም ሲዲ ፎርን ለጊዜው ያወርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጠዋትና ማታ ይለያያል፣ ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ። የደሙ አያያዝም አለ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከሩቅ በበረዶ ሳጥን የተላከ ደም ተቀበልኩ። የሲዲ ፎር ደም በክፍል ሙቀት ነው የሚቆየው፣ በረዶ መንካት አልነበረበትም፣ እኔም መመለስ ነበረብኝ። ቆጠርኩት፣ ቁጥሩ ወርዶ ወጣ። ባለቤቷ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፣ መድኃኒቴን አንድ ቀን አልዘለልኩም እያለች አለቀሰች። ደግመን ቀድተን ስንቆጥረው ከቀድሞው ጋር ገጠመ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ብቻዋን ይዤ ሰው አላስደነግጥም።

ሲዲ ፎር ጭራሽ ቀርቷል ማለት ግን አይደለም። አንድ ሰው መድኃኒት ሲጀምር፣ አቋርጦ ሲመለስ፣ ወይም በጠና ሲታመም ይቆጠራል። ከ200 በታች ከሆነ ቲቢና የአንጎል ፈንገስ ተፈልገው መታየት አለባቸው፣ በኛ አካባቢ ደግሞ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የሠራ ሰው ካላዛሩ ሊያገረሽበት ይችላል።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ «ቫይራል ሎዴ ስንት ነው?» ብለው ቁጥሩን ይጠይቁና ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። መታየት ከማይችልበት ደረጃ ወርዶ ከቆየ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛ አይተላለፍም። ዕልል ማለት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ይዞኝ ነበር፣ በኋላም ተከትቤአለሁ። በቅርቡ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ አንቲቦዲ ተመርምሬ ኔጌቲቭ ተባልኩ። መከላከያዬ ጠፋ ማለት ነው? ጓደኛዬ ከአንቲቦዲ የሚበልጥ የቲ ሴል ምርመራ አለ ይለኛል። ብሠራው ይሻላል? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት፣ ስለዚህ ቻለኝ፣ ትንሽ እቆያለሁ።

አንቲቦዲ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሳይገባ ደም ውስጥና አፍንጫ ላይ ይይዘዋል። በር ጠባቂ በለው። ቲ ሴል ግን ሌላ ሥራ አለው። ቫይረሱ በር ጠባቂውን አልፎ ሴል ውስጥ ከገባ፣ ያ የተያዘው ሴል የቫይረሱን ቁራጭ በገላው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ቲ ሴሉ ያንን ቁራጭ ያነባል፣ የሚያውቀው ከሆነ ሴሉን ይገድለዋል። ይህን አሠራር ያገኙት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ናቸው፣ በፈረንጆች 1996 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። እንግዲህ ቲ ሴል ጉንፋኑ እንዳይዝህ ላያደርግ ይችላል፣ ግን ሳንባህ ድረስ ወርዶ እንዳይጥልህ ያደርጋል።

አንቲቦዲ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፣ ምርመራው ከሚይዘው መጠን በታች ሊወርድም ይችላል። ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ መመርመሪያ የሚፈልገው ክትባቱ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ሌላ የቫይረሱን ክፍል ነው፣ ስለዚህ የተከተበ ሰው በትክክል ኔጌቲቭ ሊባል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በግንቦት 2021 የአንቲቦዲ ምርመራን «ክትባቱ ይጠብቀኛል ወይ?» ለሚለው መልስ አትጠቀሙበት ብሎ አስታውቋል። ያንተም ወረቀት መከላከያህ ጠፋ አይልም። አንድ በር ጠባቂ በዚያ ቀን አልተገኘም ነው የሚለው።

የቲ ሴል ትዝታ ረጅም ነው። በፈረንጆች 2003 ሳርስ የሚባለው የኮቪድ ዘመድ ይዟቸው የዳኑ 23 ሰዎች ደም ከ17 ዓመት በኋላ ሲንጋፖር ውስጥ ሲታይ ቫይረሱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች አሁንም ነበሩበት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት።

አሁን ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ፣ ለምን በየቦታው እንደሌለ ራስህ ትረዳዋለህ። ኤሊስፖት የሚባለውን እንውሰድ፣ ከፈረንጆች 1983 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ባለበት ቲዩብ ይቀዳል። ከዚያ ወፈር ካለ ፈሳሽ በላይ ቀስ ተደርጎ ይደረባል፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ይደባለቅና ሥራው ይበላሻል። በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፣ በመካከል ጠላ ላይ እንደሚቆም ስስ አረፋ ያለች ነጭ ደመና ትንሳፈፋለች። ሊምፎሳይቶቹ እዚያ ናቸው። በፒፔት ቀስ ብለህ ትመጣቸዋለህ፣ ታጥባቸዋለህ፣ ትቆጥራቸዋለህ።

ቀጥሎ 96 ጉድጓድ ያላት ጠፍጣፋ ሳህን አለች። እያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ 200 ሺህ ያህል ሴል ታስገባና የቫይረሱን ፕሮቲን ቁራጮች ትጨምርበታለህ። ሌሊቱን ሙቀት ውስጥ ያድራል። ቫይረሱን የሚያስታውስ ሴል ካለ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል፣ የተረጨው ደግሞ ሴሉ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ተይዞ ይቀራል። በማግሥቱ ቀለም ሲጨመርበት ነጥብ ይወጣል። አንድ ነጥብ ማለት አንድ የሚያስታውስ ሴል ማለት ነው። ከ200 ሺህ ውስጥ ሃምሳ ነጥብ ብታይ ጥሩ ትዝታ አለ ትላለህ። አጠገቡ ምንም ያልተጨመረባት ጉድጓድ ባዶ መሆን አለባት። ሌላዋ ሁሉንም ሴል የሚቀሰቅስ ነገር የተጨመረባት ናት፣ በነጥብ ካልተሞላች ሴሎቹ ሞተዋል ማለት ነውና ውጤቱ ይጣላል።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው፣ ሴሎቹ በሕይወት መቆየት አለባቸው። አንቲቦዲ ፕሮቲን ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይቆይልሃል። ቲ ሴል ግን ከተቀዳ በሰዓታት ውስጥ ሥራው መጀመር አለበት፣ አለዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀመጥ አለበት። ከመተማ የተቀዳ ደም መኪና አጥቶ ቢውል፣ ወይም ማሞቂያው ላይ እያለ ሌሊት መብራት ቢጠፋ በቃ፣ አለቀ።

ይህ ዘዴ በዕለት ተዕለት ሕክምና የገባው ለቲቢ ነው። ለድብቅ ቲቢ የሚታዘዙት የኢንተርፌሮን ምርመራዎች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፣ ቲቢ ግን ባክቴሪያ ነው። ለቫይረስ ሲሆን ባብዛኛው የምርምር ሥራ ነው፣ ኩላሊት ወይም ሌላ አካል በተተካላቸው ሰዎች ላይ ከሚደረገው ክትትል በቀር። ለኮቪድ አሜሪካ ውስጥ አንድ የቲ ሴል ምርመራ በመጋቢት 2021 የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። እሱ የቲ ሴሎቹን ዘረ መል አንብቦ «ይህ ሰው ቫይረሱ ነክቶት ያውቃል» ይላል። «ዳግመኛ አይይዘውም» አይልም።

ስለዚህ አይሻልህም። ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ታደርጋለህ? ኔጌቲቭስ ቢሆን? ሁለቱም የምታደርገውን ካልቀየሩት ገንዘብህን ያዝ። ግን ጉዳዩ ልብህን ከሳበው ተማረው። አንተ ያለህበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ዓላማው የገጠሩን ሰው በሽታ እዚሁ ቆሞ ማጥናት ነበር። ደም ከደባርቅም ከመተማም በሕይወት እንዳለ የሚያደርስ ዘዴ የሚያገኝ ሰው ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጎኗ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት፣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል ትላለች። አልማዝ ባለጭራ ነው ተባለ። ሐኪሙ መድኃኒት ሲሰጣት የኤች አይ ቪ ምርመራም አዘዘ። እሷ ግን «በስተርጅና አዋረዱኝ» ብላ አኩርፋለች። ለምን አዘዘ? የመከላከያ ሴሎቿንስ እናስቆጥር? (ልጇ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እማማን እንዲህ በያቸው። ልጅ እያሉ ጉድፍ ወጥቶባቸው ነበር። ሽፍታው ዳነ፣ ቫይረሱ ግን አልወጣም፣ ነርቭ ሥር ገብቶ ስድሳ ዓመት ተኝቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ተኝቶ እንዲቀር ያደረጉት ቲ ሴሎቻቸው ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጥበቃው ይላላል፣ ቫይረሱም በተኛበት ነርቭ መስመር ተከትሎ ይወጣል፣ በአንድ ወገን ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። የሚገርመው አንቲቦዲያቸው ቢለካ ደህና ሆኖ ይገኛል። የሳሳው ቲ ሴሉ ነው። ከንፈር ላይ ወጥቶ ምች መታኝ የምንለውም የዚሁ ቫይረስ ዘመድ ነው፣ እሱም ጥበቃው ሲላላ ነው የሚወጣው።

የኤች አይ ቪው ምርመራ ክስ አይደለም። ኤች አይ ቪ ቲ ሴልን ስለሚጎዳ አልማዝ ባለጭራ ለወጣበት ሰው ሁሉ፣ ወጣትም ሽማግሌም ቢሆን፣ ይታዘዛል። ለእናቴም ቢሆን አዝዝላት ነበር። ኔጌቲቭ ከሆኑ ሲዲ ፎር ማስቆጠር አያስፈልግም፣ 68 ዓመት ራሱ በቂ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚጠቅመው። ሽፍታው ግንባር፣ ዓይን ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከሆነ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይያቸው። ጉድፍ ወጥቶባቸው የማያውቁ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ውሃ የቋጠረውን እንዳይነኩ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ሠርጌ ጥር ላይ ነው። እጮኛዬ ነርስ ናት፣ አብረን ስንመረመር የሷ ወረቀት ሄፓታይተስ ቢ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ይላል። የወፍ በሽታ አለባት ማለት ነው? እስካሁን አልነገርኳትም። (አንባቢ፣ ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ንገራትና አብራችሁ ደስ ይበላችሁ። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ሁለት ስማቸው የሚመሳሰል ምርመራዎች አሉ። አንዱ የቫይረሱን ልብስ ይፈልጋል፣ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አለ። ሌላው ለዚያ ልብስ ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ይፈልጋል፣ እሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውየው ተጠብቋል። ጤና ባለሙያ ስለሆነች ክትባቱን ወስዳ ይሆናል፣ ከወሰደች ክትባቱ ሠርቷል ማለት ነው። መጠኑ 10 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በቂ ነው። ከዓመታት በኋላ ከ10 በታች ቢወርድ እንኳ የሚያስታውሱት ሴሎች አሉ፣ ቫይረሱ ሲመጣ ይነቃሉ። አሁን ያንተን ወረቀት አውጣ። ቫይረሱም አንቲቦዲውም ከሌለህ ሦስቱን ክትባት ጀምር፣ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር።

ጥያቄ፦ ለነጭ የደም ሴል ምርመራ ጾሜ መሄድ አለብኝ? ደሙስ አይበዛም? (እትዬ፣ ከልደታ)

መልስ፦ መጾም አያስፈልግም፣ ቢጾሙም ችግር የለውም። ለሲቢሲም፣ ለሲዲ ፎርም፣ ለአንቲቦዲም እንደዚያው። የሚቀዳው ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሊትር ነው፣ ሰውነትዎ ውስጥ ያለው ደግሞ አምስት ሊትር ገደማ። ሰሞኑን መርፌ ወይም ክኒን ወስደው ከሆነ ግን ይናገሩ። ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ኒውትሮፊሉን ከፍ፣ ሊምፎሳይቱን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሐኪሙ ካላወቀ ይሳሳታል። ዳገት ወጥቶ መድረስም ነጭ ሴሎችን ለጊዜው ይጨምራል፣ ስለዚህ ከመቀዳትዎ በፊት ሩብ ሰዓት አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ።